የሰኞ ጠዋት እንግሊዝኛ በገለምሶ ሚኒባስ

ያኔ ገለምሶ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ጭሮ ናቸው፤ እናቴ እስከ ዛሬ በከተማዋ የድሮ ስም «አሰበ ተፈሪ» ከማለት አልተላቀቀችም። ዓርብ ከሰዓት እመጣለሁ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር እዘምራለሁ፣ ሰኞ ማለዳ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ እገኛለሁ። የገለምሶው ሚኒባስ ሾፌር ስለሚያውቀኝ ጋቢናውን ለሌላ ሰው አይሰጥብኝም ነበር።

አርባውን ያለፈ፣ ቀጠን ብሎ የረዘመ፣ ሲነዳ የማይሳደብ ሰው ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናው ከዘፈን ተለይቶ አያውቅም። እኛ ጴንጤዎች ዘፈን አንሰማም፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ጆሮ አይደፈንም፣ እየወደድኩም ሳልወድም የዚያን ዘመን ዘፈን በሙሉ በቃሌ አውቀው ነበር። አንድ ሰኞ እንደ ልማዱ ካሴቱን ከተተ። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ስጠብቅ፣ በዘፈን ፈንታ ድምፁ የጠራ አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ «እንደምን አደርሽ» አለ። አንዲት ሴት «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» አለችው። እሱም ደህና ነው። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ለካ ዝም ያሉት ሰሚው እንዲደግመው ነው።

«ጉድ ሞርኒንግ!» አለ ሾፌሩ ጮክ ብሎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ!»

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ነካህ ጋሼ?» አልኩት።

«ምንም አልነካኝ። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው።»

ነገሩን አጫወተኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ጭሮ ላይ ሾፌሮች ሊቀጥር ነው ተብሎ ይወራ ነበር። ባለፈው ዙር አንድ ጓደኛው ለፈተና ገብቶ፣ ፈረንጁ «ሃው አር ዩ» ሲለው «የስ» ብሎ መልሶ ወደቀ። የእኛው ሾፌር ይህን ሲሰማ ድሬዳዋ ወርዶ ካሴቶቹን ከገበያ ገዛ። አብሯቸው የሚሸጠው መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ሻጩም ያለ መጽሐፍ ነው የሸጠለት። እሱ ግን ግድ አልሰጠውም።

«መጽሐፉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እጄ መሪ ላይ ነው፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ሥራ ፈቶ የሚውለው ጆሮዬ ብቻ ነው። እሱን ላሠራው ብዬ ነው።»

ከኋላ አንድ ድምፅ ተነሣ። «አቦ ዘፈን ክፈት! በጠዋቱ ትምህርት ቤት ልታስገባን ነው እንዴ?»

የጫት ነጋዴዋ ነበረች። ገለምሶ ሄዳ ጫት እየገዛች ጭሮ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ፣ ተከራክራ የማትሸነፍ ሴት ናት። ሾፌሩ ግን አልተበገረም። ኩኒ እስክንደርስ እንግሊዝኛ፣ ከኩኒ በኋላ ዘፈን ሊሆን ተስማሙ። እሷም «እስከ ኩኒ ጆሮዬን ዘግቼ እተኛለሁ» አለች። አልተኛችም።

እንቅልፍ የነሷት ከአጠገቧ የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። በደሳ አካባቢ ቡናና ማሽላ የሚያርሱ፣ ቅዳሜና እሑድን ጭሮ ባለችው ልጃቸው ቤት አሳልፈው ሰኞ ወደ እርሻቸው የሚመለሱ አዛውንት ነበሩ። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር እየተቀላቀለ ይጣፍጣል። ወደ ፊት ዘንበል አሉና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ማል ጄዴ? ምን አለ ሰውዬው?»

«ሰላም አላት፣ አባባ።»

«እሷስ?»

«ደህና ነኝ አለችው።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ። ሰላምታው ይኸው ነው።»

«ስለ ልጆቿ አልጠየቃትም?»

«አልጠየቃትም።»

«ስለ ከብቱስ? ስለ ዝናቡስ? የታመመ አለ ወይ አላለም?»

«አላለም አባባ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «ተጣልተዋል» አሉ። «በጎረቤት ፊት እንዳያፍሩ ብለው ነው እንጂ እነዚህ ሰዎች ተጣልተዋል።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። እንግሊዝኛዬ የጽሕፈት መኪና እንግሊዝኛ ነበር፤ ደብዳቤ ስተይብ ቃላቱን በዓይኔ አውቃቸዋለሁ እንጂ በጆሮዬ አልለመድኳቸውም። ያልሰማሁትን «አልሰማሁም» እላለሁ፣ ሾፌሩም ካሴቱን ይመልሰዋል። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር መኪናው በሙሉ ጸጥ ብሎ ደጋግሞ ያዳምጠው ነበር።

በየሰኞው ርዕሱ ይለያያል። አንድ ሰኞ ስለ አየር ሁኔታ ሆነ። የካሴቱ ሰውዬ ኀዘን በተሞላ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔም ተረጎምኩ። «ዛሬም ዘነበ፤ ምን ዓይነት የማይረባ አየር ነው፣ ይላል።»

ማንም አልሳቀም። የዚያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር የከረመው።

«ዝናብ መጣ ብሎ ነው ያዘነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ እርሻ የለውም።»

«ካልፈለገው ወደ እኛ ይላከው!» ብሎ ጮኸ ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሰው። ሽማግሌው ግን ዐረፍተ ነገሩን ወደዱት። ቃል በቃል እንዳስተምራቸው ጠየቁኝና እስከ በደሳ ድረስ «ዘ ዌዘር ኢዝ ቴሪብል፣ ዘ ዌዘር ኢዝ ቴሪብል» እያሉ ሄዱ።

የሱቁ ርዕስ የመጣ ሰኞ የጫት ነጋዴዋ ተራ ነበር። የካሴቷ ሴት ሱቅ ገብታ የአንድ ሹራብ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሻጩ ይነግራታል፣ እሷም «እወስደዋለሁ» ትላለች። እንደተረጎምኩላት የጫት ነጋዴዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ! መልሰው!»

ሾፌሩ መለሰው። ያው ነው።

«ስንት ነው አለች፣ ነገራት፣ እሺ አለች? በቃ?»

«በቃ።»

«ውይ! ይቺን ሴት ወልዶ ያሳደገ የለም? ሳትከራከር?» ከልቧ ተቆጥታለች። «ውድ ነው፣ ቀንስ በእንግሊዝኛ ምንድነው? ንገሪኝ! ይቺ ሞኝ ካላለችው እኔ እለዋለሁ።»

«ቱ ኤክስፔንሲቭ» አልኳት። አፏ ውስጥ ሲገባ «ቱስፔንሲ» ሆነ። ዓርብ ስንመለስ ገለምሶ ገበያ ላይ ገበሬዎቹን ሁሉ ቱስፔንሲ ስትላቸው እንደዋለች ነገረችን። «ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቀነሱልኝ» አለች።

ሾፌሩን ያስጨነቀው ግን የትርፍ ጊዜ ርዕስ ነበር። የካሴቱ ሰውዬ በትርፍ ጊዜው ቴምብር ይሰበስባል። ሽማግሌው «ሰብስቦ ምን ያደርገዋል? ይሸጠዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው አብዛኛው በትርፍ ጊዜው ምን እንደሚሠራ ጉንጩን አይቶ መናገር ይቻላል። ሾፌሩ ግን ጫት አይቅምም፣ ቴምብርም የለውም።

«ፈረንጁ በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ ቢለኝ ምን እላለሁ?» አለኝ።

«እውነቱን ነዋ። ምን ትሠራለህ?»

አሰበ፣ አሰበ። «አይ ስሊፕ» አለ በመጨረሻ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምት ገባ። ከኩኒ በኋላ ዘፈን የሚለው ስምምነት ተረስቷል፤ አስታውሶ የሚጠይቅም አልነበረም።

ነሐሴ ላይ አንድ ሰኞ በደሳ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ጭቃው ያዘን። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፣ እኛም ወርደን ገፋን፤ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ጭቃውን ፊታችን ላይ ረጨው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ ደግሞ አላባራም። ጫማችን ጭቃው ውስጥ እየቀረ ስንታገል፣ ከወደ ገለምሶ አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር መጣችና ቆመች። ቦት ጫማ ያደረገች ፈረንጅ ሴት ብቻዋን ነበረች የምትነዳው። ወርዳ ወደ እኛ መጣች።

ሁላችንም ሾፌሩን አየነው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ቀጥ አለ።

«ጉድ ሞርኒንግ! ሃው አር ዩ?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለችና አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ነገር የካሴቱን ሰዎች ፈጽሞ አይመስልም። ይፈጥናል፣ ይጠቀለላል፣ መጀመሪያና መጨረሻው አይለይም። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግኩ፤ ግን ምንም አልያዝኩም።

«ገመድ ያለች መሰለኝ» አልኩት በሹክሹክታ።

«የስ» አለ ሾፌሩ ለሴትዮዋ። እንዳለውም ክው ብሎ ቀረ፤ ጓደኛውን የጣለው ቃል ነው።

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ይሄኔ ሽማግሌው በዱላቸው እየተመረኮዙ ወደ ፊት መጡ። ውሃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል። ማሽላቸው የጠጣው ዝናብ ነውና ፊታቸው በደስታ ያበራል። በእንግዳይቱ ፊት ቆመው፣

«ዘ ዌዘር ኢዝ ቴሪብል!» አሏት።

ሴትዮዋ የመኪናዋን በር ይዛ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ከኋላ ገመድ አውጥታ ለሾፌሩ ሰጠችው፤ ገመድ ማለቷስ እውነት ነበር። አስረን፣ ጎትታ አወጣችን። የጫት ነጋዴዋ ስታመሰግናት በኦሮምኛም በአማርኛም ነበር፤ ሴትዮዋም እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ሾፌሩ ግን ከዚያ በኋላ ካሴቱን አልከፈተም። በደሳን አልፈን ብዙ እንደሄድን ጠየቅኩት።

«ምነው ጋሼ?»

«ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ የለመድኩት የካሴቱን ሰውዬ ብቻ ነው። ሌላው ፈረንጅ ሁሉ ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው።»

ሽማግሌው የዚያን ቀን እርሻቸውን ትተው ገለምሶ ድረስ ጉዳይ ነበራቸውና ከኋላ ሰሙት። «ልጄ፣ የወለጋ ኦሮሞ ሲመጣ እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን ግማሹ ያመልጠኛል። አብሮኝ ሲሰነብት ግን ይገባኛል። የሴትዮዋን አፍ አልለመድከውም፣ ሌላ ነገር የለውም። የካሴቱ ሰውዬ ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም።»

«ደግሞስ» አለች የጫት ነጋዴዋ፣ ጭቃውን ከቀሚሷ ጫፍ እየጨመቀች፣ «ፈረንጇ ስለ ቴምብር ጠየቀችህ? አልጠየቀችህም። ስለ ገመድና ስለ ጭቃ ነው የጠየቀችህ። አቦ ስለ ጭቃ እንማር!»

ይሄ ንግግሯ ነው ነገሩን ሁሉ የለወጠው። ከዚያ በኋላ ርዕሱን የምንመርጠው እኛ ሆንን። ዓርብ ስንመለስ ለሰኞ የሚሆነውን እንነጋገራለን፤ ጭቃ፣ ጎማ መፈንዳት፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ ሰርግ፣ የታመመ ልጅ፣ የማሽላ ወፍ። እኔ ቅዳሜ መዝገበ ቃላት አገላብጬ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች እሠራለሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ከእኔ ጋር የምትዘምር አንዲት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ታርምልኛለች። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሁሉ ስለ ጭቃ ለምንድነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ነገሩን ስነግራት ግን ከእኔ ብሳ ርዕስ ታቀብለኝ ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ዐረፍተ ነገሮቹን ጮክ ብዬ እላለሁ፣ ሰው ሁሉ ይቀበላል። ከዚያ በየተራ ሾፌሩን ይጠይቁታል። አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ አጉተምትሞ፣ አንዱ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ። እሱ የሁሉንም መስማት አለበት። የጫት ነጋዴዋ የምትጠይቀው እንደ ፖሊስ ነበር፤ «ዌር ዩ ጎ? ዋይ ሌት? ዋይ?» ትለዋለች፤ ካልመለሰላት ጀርባውን በጣቷ ትጎነትለዋለች። ሽማግሌው ስለ ማሽላ ወፍ ሲጠይቁት ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ ሾፌሩም ግማሹን በኦሮምኛ ይመልሳል፤ ማንም አልከለከላቸውም። እኔም ሳላስበው አፌ ተፈታ። አንድ ቀን መሥሪያ ቤታችን ፈረንጅ እንግዳ መጥቶ አለቃዬ ሲደናገጥ፣ ሄጄ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ጠየቅኩት። ጭቃ ስለሆነ ርዕሱን አውቀዋለሁ።

የእርዳታ ድርጅቱ የፈተና ቀን ሰኞ ላይ ዋለ። ሾፌሩ ዓርብ ዕለት «ሰኞ አርፍጄ ነው የምነሣው፣ የቸኮለ በሌላ መኪና ይሂድ» ብሎ ነግሮን ነበር። ሰኞ መናኸሪያ ስደርስ ሽማግሌውም የጫት ነጋዴዋም መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ መኪኖች «ገለምሶ! በደሳ ገለምሶ!» እየተባለላቸው እየሞሉ ወጡ። እኛ አልወረድንም። ጠዋቱ አልፎ ፀሐይዋ ስትጠነክር የጫት ነጋዴዋ «ዛሬ ጫቱን ሁሉ ሌላ ይገዛዋል» እያለች ታማርራለች፤ ውረጂና ሂጂ ብንላት ግን ትቆጣለች።

ከሩቅ ሲመጣ አየነው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ወደቀ» አለች የጫት ነጋዴዋ።

በሩን ከፍቶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ።

«ንገረና!» አልኩት።

«ትልቁን መኪና ወደ ኋላ ንዳ አሉኝ፣ ነዳሁ። ጎማ ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። ስለ ሞተር ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ፈታኙ፣ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ጨርሰሃል ሂድ አለኝ።»

«እንግሊዝኛውስ?»

«እኔም እሱን ጠየቅኩት። አያስፈልግም፣ አብረህ የምትሠራው ከሐበሻ ጋር ነው አለኝ።»

«ወይኔ!» አልኩ።

«አልሄድም አልኩት። ጌታዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ያደነቆርኩት ለዛሬ ነው፤ ሳትጠይቁኝ አልወጣም አልኩት። እያሾፍኩ መስሎት ነበር። አይቶኝ አይቶኝ ሳቀና ከጎን ቢሮ አንድ ፈረንጅ ጠራ።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ጫፍ ደርሰዋል። «ምን አለህ?»

«በዝናብ ጊዜ የገለምሶ መንገድ እንዴት ነው አለኝ።»

«ጭቃ!» ብላ ጮኸች የጫት ነጋዴዋ። «ጭቃ ነው ርዕሱ!»

«ነገርኩታ። የት እንደሚያንሸራትት፣ የት እንደሚያሰጥም፣ ገመድ መያዝ እንዳለበት። ዝናቡ ለሾፌር መጥፎ፣ ለማሽላ ግን ጥሩ ነው አልኩት። ታንክ ዩ አለኝ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። ስለ ወፎቹም ነገርኩት። እንደገና ታንክ ዩ አለኝ። በመጨረሻ ፈታኙ ነው በእጄ ይዞ ያወጣኝ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ወር ሲጠባ ሥራ ጀምር አሉኝ።»

እኔ ነኝ የጠየቅኩት። «እና ፊትህ ለምን እንዲህ ጠቆረ?»

«ፈረንጁን ሳልሰናበተው ወጣሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየ። ነውር አይደለም?»

የጫት ነጋዴዋ ጭንቅላቷን ያዘች። ሽማግሌው ግን በቁም ነገር ነበር ያዩት። «ነውር ነው» አሉ። «ሂድና ተሰናበተው። እኛ እንጠብቃለን።»

ሄደ። እውነቴን ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተመልሶ ሄደ። እኛም ጠበቅን። ሁለተኛ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። የጫት ነጋዴዋ እልልታዋን ስታቀልጠው መናኸሪያው በሙሉ ሙሽራ የመጣ መስሎት ዞረ። የዚያን ቀን ገለምሶ የደረስነው በጣም አርፍደን ነው። አለቃዬ ተቆጣኝ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ሾፌሩ ወሩ ሲጠባ ሄደ። እህልና ዘይት ጭኖ በቆላው በኩል፣ በቦርደዴ አቅጣጫ ይመላለስ እንደነበር ሰማን። በቦታው የተተካው ዘፈን ወዳድ ወጣት ነበር፤ ሰኞዎቹም ወደ ድሮአቸው ተመለሱ። እኔ ጥቂት ዓመት ቆይቼ ሥራዬን ወደ ጭሮ አዛወርኩ። ሽማግሌው አንዴ ከልጃቸው ጋር መንገድ ላይ አግኝተውኝ ማሽላው ጥሩ እንደያዘ በሰፊው አጫወቱኝ፤ የጫት ነጋዴዋ ደግሞ ጭሮ ላይ ሁለት የጫት ሱቅ ከፈተች።

ጭሮ ከገባሁ በኋላ ከዚያችው መምህርት ጋር ሆነን ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ መስማት የሚፈልጉ ሴቶችን ሰበሰብን። የመጡት ልብስ ሰፊዎች፣ የሆቴል ምግብ አብሳዮች፣ ቤት የሚውሉ እናቶች ነበሩ። ትንሽ ሬዲዮ እንከፍትላቸዋለን፣ ከዚያ ርዕስ ይመርጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ዓይን አፋር ልብስ ሰፊ፣ ለረዥም ጊዜ ምንም ሳትናገር እየሰማች ብቻ ትሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ርዕሱ ጎረቤት ሆነ። ድንገት እጇን አወጣችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጎረቤቷ ዶሮ እየመጣች እሷ ቤት አልጋ ሥር እንቁላል እንደምትጥል ነገረችን። ጥያቄዋ እንቁላሉ የማነው ነው።

አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሄን፣ ኔበር!» ብሎ ለባለ ዶሮዋ ይፈርዳል፣ ግማሹ «ቤድ፣ ማይ ቤድ!» ብሎ ለባለ አልጋዋ፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያልቅ በኦሮምኛ ቀጠሉ። ዓይን አፋሯ ቆማ፣ አንዷንም ሳታስቀር፣ ለሁሉም ትመልሳለች። ጩኸቱ ውጭ ድረስ ተሰምቶ መጋቢያችን በድንጋጤ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ምን ተፈጠረ? ማን ተጣላ?»

«ማንም አልተጣላም፤ ትምህርት ነው» አልኳቸው፤ ስለ ዶሮዋም ነገርኳቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ትንሽ አሰቡ። «እንቁላሉማ የባለ ዶሮዋ ነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።